ሊጉ ለብቻ ከብዶናል፤ ከጎረቤት ጋር እንሞክረው

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። «በዚህ ጊዜ የምን ቅርጫት ኳስ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ተቆጡኝ።

ሐሳቤ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ደቡብ ሱዳንና ጅቡቲ አንድ የጋራ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ቢኖራቸው፣ ከሁሉም በላይ የምንጠቀመው እኛ ነን።

ለምን? ፕሮፌሽናል ሊግ ማለት ተጫዋቹ በሥራው ደመወዝ የሚበላበት፣ ክለቡ ደግሞ በተመልካች፣ በቴሌቪዥንና በስፖንሰር የሚቆምበት ነው። እኛ ጋ ይሄን ያህል ተመልካች ያለው እግር ኳስ እንኳ አብዛኞቹ ክለቦቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ሲታጠፍ ክለቡም ይታጠፋል። እንግዲህ ቅርጫት ኳስ ለብቻው ምን ተማምኖ ይቆማል? አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይሄ ደግሞ የሕልም ወሬ አይደለም። ኢስቶኒያና ላትቪያ ትንንሽ አገሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊጋቸውን አንድ አደረጉ። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ በ2021 ተከተሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን የባልካኑ ነው። ክሮኤሺያና ቦስኒያ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ጦርነት የቆመው በ1995 ነው። በ2001 የስሎቬኒያ፣ የክሮኤሺያ፣ የቦስኒያና የሞንቴኔግሮ ክለቦች የአድሪያቲክ ሊግን መሠረቱ። ከዚያም የቤልግሬዶቹ ገቡበት። የተዋጉት ተፋቅረው አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጥሩ ቡድን መቀለብ ስላልቻሉ ነው። ዛሬም ደጋፊዎቻቸው ይሰዳደባሉ፤ ጨዋታው ግን ቀጥሏል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ኤንቢኤና ፊባ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ ጀመሩ። ሩዋንዳ ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ ክለብ አላት። የደቡብ ሱዳኑ ኮብራ ስፖርት በ2022፣ የዩጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ በ2023፣ የቡሩንዲው ዲናሞ በ2024፣ የኬንያው ናይሮቢ ሲቲ ተንደር በ2025 ተሳትፈዋል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ከኢትዮጵያ አንድም ክለብ እዚያ አልደረሰም። አንድም! እኛ እኮ በ1957 ከግብጽና ከሱዳን ጋር ሆነን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ የተጫወትን አገር ነን። ያኔ የአህጉሩ ውድድር በሦስት ጎረቤት ሲጀመር ማንም «ሲበዙ እንገባለን» አላለም።

«ሜዳ የለንም» ትሉኛላችሁ። ደቡብ ሱዳንን እዩ። ነፃ አገር የሆነችው በ2011 ነው። ፊባን የተቀላቀለችው በ2013 ነው። በአገሯ ውስጥ ጣራ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሳይኖራት ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈች፤ ለዝግጅት በተደረገ ግጥሚያ በአሜሪካ የተሸነፈችው 101 ለ 100 ነው፤ ኦሊምፒኩ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈች። ብዙዎቹ ልጆች በስደት ያደጉ ናቸው። እኛም ጋምቤላ ላይ ስንት ባለ ቁመት ልጅ አለን!

ደግሞ የሜዳውን ነገር በወጪ እናስበው። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» የነበረው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው። ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ላይ ይሰቀላል። ይሄ ጣራ፣ ጥሩ ወለልና ወንበር ይፈልጋል እንጂ የስታዲየም በጀት አይፈልግም።

የጉዞው ወጪስ? እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ግን በየሳምንቱ ናይሮቢና ጁባ መመላለስ ግድ አይደለም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሊግ ውድድር ሙሉ በሙሉ የተካሄደው በአንድ ከተማ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እንደዚያ ዙሩን በየተራ አንድ ከተማ ላይ ማድረግ ይቻላል። አዲስ አበባ ደግሞ ለአውሮፕላኑ የሁሉም መገናኛ ናት።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ እሱን ደብቄ አላልፍም። የጋራ ሊግ ሲመጣ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ ሁለት ሦስት ክለብ ይሄድና የአገር ውስጡ ውድድር ባዶውን ይቀራል። ሰርቢያ ላይ ትልልቆቹ ክለቦች የአገራቸውን ሊግ የሚቀላቀሉት መጨረሻው አካባቢ ነው። ስለዚህ የጋራ ሊጉ መሰላሉን የሚተካ ሳይሆን የመሰላሉ ጫፍ መሆን አለበት፦ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፉ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት። የገባው ክለብ ደግሞ ከገቢው ለታች እንዲያካፍል፣ ታዳጊ ቡድን እንዲይዝ በደንብ ይገደድ።

አሁን ለምን ዓለም ከተማ ተቀምጬ ይሄን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ስፖርት ያስተማርኳችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ መርሐቤቴ ቁመትና ትንፋሽ ያለው ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። የጀማን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ጉልበት የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። የጎደለው ቀጣዩ ደረጃ ነው። 12ኛ ክፍል ሲያልቅ ኳሱም ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ገቡ? በዚህ መንገድ በሚዘጋበትና ሰው በሚሰጋበት ጊዜ፣ አንድ ወጣት «ነገ ይሄን እሆናለሁ» የሚለው ነገር ማጣቱ ቀላል አይደለም።

ሦስት ክለብ ብናስገባ 36 ተጫዋች ነው። 36 ልጅ የአገር ችግር አይፈታም፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ከእነሱ ኋላ ዳኛ አለ፣ አሠልጣኝ አለ፣ የሕክምና ባለሙያ አለ፣ ውጤት መዝጋቢ አለ። ከሁሉም በላይ ግን የሚታይ ነገር አለ። ልጅ ያላየውን አይመኝም። በቆጂ አካባቢ ያደገ ልጅ የሚሮጠው ከሰፈሩ ወጥቶ ያሸነፈ ሰው ስላየ ነው።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ጎረቤቶቻችንን ይጥራ፤ እስኪጠሩን አንጠብቅ። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም «ጋሼ፣ ኳስ እንላክ?» ትሉኛላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኳስ በዓመቱ ያልቃል። ይልቅ ተባበሩና ለዓለም ከተማ ልጆች አንድ ደህና የሲሚንቶ ሜዳ እናሠራ፤ የዳኝነትና የአሠልጣኝነት ኮርስ የሚወስዱ ሁለት ሦስት ወጣቶችም እናስተምር። ሊጉ ከመጣ ዝግጁ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ባይመጣም ሜዳው የልጆቹ ነው።

ያልተስማማችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በጨዋ ቋንቋ ከሆነ ለሁሉም እመልሳለሁ።