የዋት ቍጥርና የጆሮ ፍርድ

ባለፈው ሰሞን ከለገሀር ወደ ካዛንቺስ በሚወስድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሳለን አንዲት እናት «ልጄ፥ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» ብለው ሹፌሩን ለመኑት። እሱም ሳይቈጣ «እማማ፥ ስቀንሰው አይሰማም፤ እስፒከሩ እንዲህ ነው» ሲል መለሰላቸው። ነገሩ እውነት ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ይንጫጫል፥ ዝቅ ሲል የዘፈኑ ቃል አይለይም። ዕቃው ግን ርካሽ አልነበረም፤ ሹፌሩ የከፈለበትን ብር በኩራት ነግሮናል።

ይህ ስሕተት የታክሲ ብቻ አይደለም። ወጣት ሠራተኛ ገንዘብ አጠራቅሞ ወይም ተበድሮ አንድ አሮጌ ኮሮላ በገዛ ማግሥት፥ ከጎማውና ከፍሬኑ አስቀድሞ ስለ ቴፑ ሲጨነቅ እናያለን። ሙዚቃ መውደዱን አንነቅፍም። የምናዝነው ሱቅ ገብቶ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 300 ወይም 600 ዋት አይቶ የበለጠውን ሲመርጥ ነው። ያ ቍጥር ማጉያው ለቅጽበት ይሸከመዋል የተባለውን እንጂ ዘወትር የሚሠራበትን ኀይል አይናገርም። ዘወትር የሚሠራበት አር ኤም ኤስ ተብሎ ከሥር በትንሹ የሚጻፈው ነው። ቴፑም ራሱ በፊቱ 50 ዋት በ4 ቢባልበት፥ በያንዳንዱ መሥመር ሳይጣመም የሚያወጣው ወደ 20 ዋት ቢደርስ ነው። ለዚህ ቴፕ የ600 ዋት ማጉያ መግዛት ለአንድ ሲኒ ቡና ጋን እንደ መግዛት ይቈጠራል።

ከዋቱ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ማጉያው በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ነው። በ3 ዴሲቤል የሚበልጠው ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኀይል ያሰማል። ደካማው ግን ባለቤቱን ቴፑን እስከ መጨረሻው እንዲያዞር ያስገድደዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይጣመማል፥ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ማጉያም ትቃጠላለች። የኦሙም ነገር አይረሳ። ሁለት ባለ 4 ኦም ማጉያዎች በአንድ መሥመር ጎን ለጎን ቢታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ ቴፕ ይህን አይችልም፥ ይግላል።

የተረፈው ገንዘብ ለመግጠሙ ይዋል። በር ማለት ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ሳይለበድና ብሎኑ ሳይጠብቅ ማጉያ ቢቀበልበት ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይዘፍናል። ገጣሚው በበሩ ውስጥ ያለውን ላስቲክ ቀድዶት እንደ ሆነ የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተለዋወጡ ደግሞ አንዱ ማጉያ ሲገፋ ሌላው ይስባልና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ ጥሎ ይሆን! አምፕሊፋየር የሚያስገባም ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገባ፤ ያለዚያ ገመዱ ተልጦ ከቆርቆሮው ጋር ሲነካካ እሳት ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በነዚህ ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ሰው የሚገድል ኀይል የተሸከመ ነውና መሰርሰሪያ ከመያዝ በፊት የት እንደሚያልፍ ይጣራ።

የካዛንቺስ ስም የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለ ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአሮጌው መንደር ብዙው ለኮሪደር ልማት ፈርሶ መንገዱ ቢሰፋም፥ በዙሪያው ሌሊት የሚተኛ ሰው አልጠፋም። ለመኖሪያ ሰፈር በአገራችን የወጣው የድምፅ ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ረዳቱ ነው። ተሳፋሪው ከሩብ ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ እሱ ከንጋት እስከ ምሽት ከማጉያው አጠገብ ይቆማል። ጆሮ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይችላል ይባላል፤ 3 በተጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ በ94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የነርቩም ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ ባለ ሚኒባሶች ማጉያውን ከበሩ ራስጌ አንሥተው ወደ ፊት ያዛውሩት። ለገጣሚው ሒሳብ ከመክፈላቸውም በፊት የሚያውቁትን ዘፈን በዝቅታ አስከፍተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡና ቃሉ ይለይ እንደ ሆነ ያዳምጡ።