«ጥርስ ታተመ» የሚለው ዜና

«ሳይንቲስቶች ጥርስ ማተም ጀመሩ» የሚል ወሬ በኢንተርኔትም በሬዲዮም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ጥርሱ የወለቀበት ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ለመሆኑ ግን የታተመው ምንድን ነው? ዜናውን ያነበበው ጋዜጠኛስ ጠይቋል?

ነገሩ ሁለት ነው፤ ሁሌም የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል እ.ኤ.አ. በ1986 የፈጠራ መብት ያገኘበት የስሪዲ ኅትመት ነው። ፈሳሹን ፕላስቲክ በብርሃን እያጠነከሩ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረቡ ዕቃ ይሠሩበታል። ዛሬ በብዙ አገር የጥርስ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ ያዘጋጁበታል። ጠቃሚ ነው፣ ግን ሕይወት የለውም። ሁለተኛው ባዮፕሪንቲንግ ነው። የዚህኛው «ቀለም» ሕያው ሴሎች ያሉበት እንደ ጄል ያለ ነገር ነው። የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቦላንድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተራ የቢሮ ፕሪንተር አስተካክሎ ሴል አትሞበታል። (የእኛ ፕሪንተር ወረቀትም በቅጡ አያትምም፤ እሱ ይቅር።) በ2022 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ አንዱ ጆሮዋ በቅጡ ሳይፈጠር ለተወለደች የ20 ዓመት ወጣት ከራሷ ሴሎች የታተመ ጆሮ እንደተተከለላት አስታውቋል።

ታዲያ ጆሮ ከታተመ ጥርስ ምን ይገደዋል? ይገደዋል እንጂ! የጆሮ ልም አጥንት ደም ሥር እንኳ የለውም። ጥርስ ግን ላዩ ኢናሜል፣ ከሥሩ ዴንቲን፣ መሐሉ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል ነው፤ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የሚያስረው ጅማትም አለው። ከሁሉም የሚያስቸግረው ኢናሜል ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድን በስቶ ሲወጣ ይጠፋሉ። የተሰበረ አጥንት ሲጠገን የተቦረቦረ ጥርስ የማይጠገነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሕያው ጥርስ አትሞ ሰው አፍ ውስጥ የተከለ እስካሁን የለም።

ቀረብ ያለው ተስፋ በእኔ አስተያየት አጥንቱ ላይ ነው። በ2016 የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ አታላና ባልደረቦቹ በሰው መንጋጋ ልክ የአጥንት ቁራጭ ማተማቸውን አሳትመዋል። በዕጢ ወይም በአደጋ መንጋጋውን ላጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ እኮ አጥንቱም እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቆምበት ይጠፋል።

የሴሉ ምንጭም የሚገርም ነው። ተመራማሪዎች በ2000 በጥርስ ውስጥ፣ በ2003 ደግሞ በወተት ጥርስ ውስጥ ስቴም ሴል አግኝተዋል። ልጆች ሆነን ጣሪያ ላይ የወረወርነው ጥርስ ማለት ነው! በ2018 የታተመ የቻይና ጥናት ጥርሳቸው በአደጋ በተጎዳ ልጆች ላይ ይኸው ሴል ነርቩንና ደም ሥሩን መልሶ እንዳበቀለ አሳይቷል። ይሁንና በውጭ አገር ወላጆችን እያስከፈሉ የልጅ ጥርስ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች ከዚህ ቀድመው ሮጠዋል። ተስፋ ሲሸጥ ዋጋውን መጠየቅ የእኛ ሥራ መሆን ነበረበት።

እኛ አገር ደግሞ ገና ያልበቀለ ጥርስ ይነቀላል። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይሰነጠቃል፤ የወተት ጥርሱ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ፍሬም አብሮ ይጎዳል፤ ኢንፌክሽኑ ሕፃኑን ሊገድልም ይችላል። ሌላው ዓለም ከወተት ጥርስ ሕይወት ሲፈልግ እኛ ለሕፃኑ ሞት እናመጣለታለን። አንዳንዶች «ስለ ግግ መጻፍ እያለ ስለ ፕሪንተር ምን አስጻፈህ?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን አልነጣጥላቸውም። ያ የወተት ጥርስ ምን እንደያዘ የሰማች እናት «ትል ነው» የሚላትን ሰው በሌላ ዓይን ታየው ይሆናል።

በ2024 ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ ጥርስ ያበቅላል የተባለ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ሲጀመር ዜናው «ጥርስ የሚያበቅል መድኃኒት ተገኘ» ተብሎ ተናፈሰ። የመጀመሪያው ዙር የሚያየው ግን መድኃኒቱ ጉዳት እንደሌለው ነው። አንድ ጓደኛዬ ወሬውን ሰምቶ «እንግዲህ የጥርስ ብሩሽ ለምን እገዛለሁ?» አለኝ። መፋቂያም አለ አልኩት።