የሱሉልታ መንገድና የካንተርበሪ መንገድ

የእንግሊዝን አገር የመካከለኛ ዘመን መጻሕፍት በትምህርት ቤት ቀምሰው የወጡ አንዳንድ ሰዎች፥ የአገራቸውን መጻሕፍት ሳይገልጡ ፍርድ ሲሰጡ ይሰማሉ። የሚሉትም «እንግሊዞች ቾሰርን አገኙ፤ እርሱም ባላባቱንና አራሹን ሁሉ ጻፈላቸው። በኢትዮጵያ ግን የግዕዝ ጸሐፊዎች ንጉሥንና ጻድቅን አመሰገኑ እንጂ ሕዝቡን አልጻፉም» ነው። ይህ ቃል ሲደጋገም እውነት እየመሰለ ስለ ሄደ መልስ ያሻዋል። ነገሩን ሳይመረምር የሚፈርድ ዳኛ ባለጉዳዩን ይበድላል፤ የተቀመጠበትንም ወንበር ያዋርዳል።

አስቀድሞ ለቾሰር የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። ጄፍሪ ቾሰር በ1400 የሞተ ደራሲ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሊቃውንቱ በላቲን፥ መኳንንቱ በፈረንሳይኛ ይመኩ በነበረበት አገር እርሱ በሕዝቡ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ጻፈ። «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው መጽሐፉም፥ በለንደን አጠገብ ከሳዘርክ ተነሥተው ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚጓዙ ተሳላሚዎችን ሰበሰበ። በመካከላቸው ወታደር፥ እመ ምኔት፥ ባለ ወፍጮ፥ አራሽ፥ አምስት ባል ያገባች ሴት፥ የሐሰት ዐፅም እያሳየ ገንዘብ የሚለቅም ሰው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ቾሰርም ሁሉን አልጻፈም። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ግብር መርሯቸው ተነሥተው ለንደንን ሲያናውጡ፥ በከተማዪቱ በአልድጌት በር ላይ ያለው ቤት የእርሱ መኖሪያ ነበር። ያ ሁሉ ሁከት ግን በተረቶቹ ውስጥ እንደ ዋዛ በአንድ ስፍራ ብቻ ተነክቶ ታለፈ። ስለዚህ ቾሰር የዘመኑ መስታወት አይደለም ያለ የለም። ለባዕድ የተሰጠው ይቅርታ ለአገር ልጅ ስለ ምን ይከለከላል?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ሜዳ የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሳዘርክ እስከ ካንተርበሪ ካለው ብዙ አይበልጥም። ነሐሴ 24 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነጋዴውም፥ ገበሬውም፥ በሽተኛውም፥ ባለጸጋውም በዚህ መንገድ ይጓዛል። በ15ኛው መቶ ዓመት ወደዚሁ ገዳም ከሄዱት አንዲቱ የቡልጋዪቱ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ገድሏ እንደሚናገረው ባለጸጋ፥ ባለ ትዳር፥ የልጆች እናት ነበረች። አንድ ቀን በገረዷ ተቈጥታ የጋለ ትንታግ በአፏ ከተተችባት፤ ገረዲቱም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ አለቀሰች፥ ጸለየች፤ ገረዲቱም ተነሣች። ከዚህም በኋላ ሀብቷንና ቤቷን ትታ መነኰሰች።

እንግዲህ ሕዝቡ አልተጻፈም የሚል ሰው ይህን ያንብብ። በባለጸጋ ቤት የገረድ ሕይወት እንዴት ርካሽ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምን ምስክር አለ? ጸሐፊው ቅድስቲቱን ለማክበር ተነሥቶ ሳለ ኃጢአቷን አልሸሸገም። ዳሩ ግን ጥፋቱ በነቃፊዎች ዘንድ ብቻ አይደለም። ገድሉን እየጠቀሱ ተአምሩን ብቻ የሚያወሱ፥ ትንታጉን ግን እንደሚያሳፍር ነገር የሚዘሉ አመስጋኞችም አሉ፤ እነዚህም ከነቃፊዎቹ አይሻሉም። በእንግሊዝ አገር በዚያው መቶ ዓመት ማርጀሪ ኬምፕ የምትባል የ14 ልጆች እናት ሕይወቷን ለጸሐፊ እየነገረች አስጻፈች፤ መጽሐፏ ተሰውሮ ኖሮ በ1934 ሲገኝ አገሩ ሁሉ ደስ አለው። የክርስቶስ ሠምራ ገድል ግን አልጠፋም ነበር፤ የታጣው ተማሪው ነው።

በሰበታ በኩል ያለውን የመናገሻን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ዛፉን እያሳየ በንጉሡ የሚመካ ሰው ብዙ ነው፤ ዜና መዋዕላቸውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ ጣዖት አምልካችኋል በተባሉት በገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ላይ ያዘዙትን ጽኑ ቅጣት፥ ከእነርሱም የሞቱ መኖራቸውን፥ ሕዝቡም በፍርሃት መራዱን ይናገራል። ይህ ውዳሴ ብቻ ነውን? ስለ ቋንቋም የሚከራከር ቢኖር፥ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) የተገጠሙት የአማርኛ ግጥሞች ከቾሰር ልደት ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። የተጻፉበት ብራና በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በ1889 ያሳተማቸውም ኢጣልያዊው ኢኛሲዮ ጉይዲ ነው።

ወደ ቡራዩ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። በጋሞ አገር የነበሩት መነኵሴ አባ ባሕርይ በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አጭር የታሪክ መጽሐፍ በግዕዝ ጻፉ። ጦርነት የጐዳቸው ሰው ነበሩና መጽሐፋቸው ምሬት አለበት፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከምሬታቸው ጋር ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አቈዩ። አንደኛው፥ የገዳን ሥርዓት፥ ሉባዎቹ በየስምንት ዓመቱ እንዴት እንደሚተካኩ ስማቸውን እየጠሩ መመዝገባቸው ነው። ሁለተኛው፥ የሽንፈቱን ምክንያት በራሳቸው ወገን ላይ መፈለጋቸው ነው። የክርስቲያኑን መንግሥት ሕዝብ በ10 ክፍል ከፈሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ መነኰሳት፥ ደብተሮች፥ ባለ ርስት ሽማግሎች፥ ገበሬዎች፥ ነጋዴዎች፥ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች፥ አዝማሪዎች ይገኛሉ። ከዐሥሩም ጋሻና ጦር የሚያነሣው አንዱ ብቻ ነው ብለው ወቀሱ፤ ወቀሳውንም ከመነኰሳት፥ ማለት ከገዛ ማዕርጋቸው ጀመሩ። ቾሰር በተሳላሚዎቹ ያሳየውን የሕዝብ ክፍል አባ ባሕርይ በጥቂት ገጽ አሳዩ።

ይህን መጽሐፍ ዛሬ አንዱ ወገን ለስድብ ይጠቅሰዋል፤ ሌላው ወገን ስድብ ብቻ ነው ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም እኩሌታውን አንባቢ ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የሰው ደም ፈሰሰ፤ ከሞቱትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። በአርባ ምንጭም ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ የጋሞ ሽማግሎች ርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሷቸው። የዚያ ደም ምክንያት መጽሐፍ ነበረ የሚል የለም። ነገር ግን የጋሞው መነኵሴ ስለ ኦሮሞ የጻፉትን በሙሉ ያነበበ ልጅ፥ የሌላውን ሥርዓት ማወቅን፥ በደልንም አስቀድሞ በራስ ቤት መፈለግን ይማራል፤ የተቈነጸለውን ብቻ የሰማ ግን ከስድብ በቀር የሚይዘው የለውም።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ልጆቻቸው በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገራሉ። የእነዚህ ከተሞች መምህራን ቾሰርን ማስተማር አይተዉ፤ ከእርሱ ጐን ግን የክርስቶስ ሠምራን ገድል፥ የዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል፥ የአባ ባሕርይን መጽሐፍ በሁለቱም ቋንቋ ተተርጕመው ያኑሩ። የሚያሳፍረውም የሚያኰራውም ሳይቈረጥ ይነበብ። መስታወት የተሠራው ጕድፍን ለማሳየት ነውና፥ ጕድፉን አይቶ መስታወቱን የሚሰብር ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ይቀራል።