ከኋላህ ነው!

ተረት መድረክ ላይ ማውጣት ውርደት የሚመስላቸው የአማተር ቴአትር ክበቦች በዝተዋል። ተረት የልጅ ነው፣ እኛ ቁም ነገር ነው የምንሠራው ይሏችኋል። ከዚያ መጋረጃው ይከፈትና ያው የምታውቁት ቁም ነገር ይመጣል። የሰከረ አባት፣ የምታለቅስ እናት፣ የጠፋ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ምክር የሚያነበንብ አንድ ጨዋ ወጣት። እናጨበጭባለን። እቤታችን እንገባለን። በሳምንቱ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም።

እስቲ ለአንድ አፍታ ወደ እንግሊዝ መንደሮች እንሂድ።

ፓንቶማይም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ የሌለ ግድግዳ የሚዳስስ ተዋናይ ነው። የእንግሊዞቹ ፓንቶማይም የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጫጫታ ነው። ገና ሲደርስ በትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ይታያል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ የየመንደሩ አማተሮች ተራ ነው። ጥርስ ሐኪሙ፣ ፖስተኛው፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ጡረተኛው ሁሉ ከሥራ መልስ እየተለማመዱ በመንደር አዳራሽ ሲንደሬላን፣ አላዲንን ወይም ጃክና የባቄላውን ተክል ያቀርባሉ።

ሕጎቹን ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል። አሮጊቷን የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ጺሙ ጎልቶ፣ ቀሚሱ ተንዘርፍፎ። ጎረምሳውን ጀግና ደግሞ በልማድ ሴት ትጫወተዋለች። ላሟ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ምስኪን ከኋላ። ክፉው ሰው ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ ይጮህበታል። ጀግናው ቆሞ ሲያወራ መንፈስ ከጀርባው ሲመጣበት ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው «ከኋላህ ነው!» እያሉ ጣሪያውን ያነሱታል። እሱም «ወዴት?» ብሎ በተሳሳተው አቅጣጫ ይዞራል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጆን ሪች የተባለ የለንደን የቴአትር ሰው፣ ከጣልያን የተወረሱ የኮሜዲ ገጸ ባሕርያትን ይዞ ካቀረበው ትርኢት ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው። ጆሴፍ ግሪማልዲ (እ.ኤ.አ. 1778–1837) ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክላውን የሆነው በዚሁ መድረክ ነው። ዳን ሌኖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በታላቁ ድሩሪ ሌን ቴአትር የአሮጊት ቀሚስ ለብሶ ለንደንን አስቋል።

ርካሽ ነው የሚሉ አሉ። ቀልዱ የተደጋገመ፣ ታሪኩ የታወቀ፣ ትወናው የተጋነነ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። የቴሌቪዥን ዝነኛ አስገብቶ ትኬት ከመሸጥ ያለፈ ሐሳብ የሌለው ፓንቶማይምም ሞልቷል። ግን እኮ ታሪኩ መታወቁ ነው ጉልበቱ! መጨረሻውን ሁሉም ስለሚያውቀው ተዋናዩ በመካከል የፈለገውን ይሰካል። የመንገዱን ጉድጓድ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ውሳኔ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሹም ይነካካል። ሹሙም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ቤታችን። ተመልካች የሚመልስለት ጨዋታ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ካልተባለ ተረቱ መች ይጀመርና! ሴት ሆኖ የሚተውን ወንድስ? ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የነበሩት አባባ ተስፋዬ ናቸው። እኚሁ ሰው ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለ40 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን፣ ለሰላምታቸው ከየሳሎኑ ጮኸን እንመልስ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰ። ያለቀስነው ለተረት ነጋሪ ነው፤ ልብ በሉ።

«የአገሩ ችግር ከባድ ነው፣ በጅብና በጦጣ አይነገርም» የሚለኝ ደግሞ ታሪክ ያንብብ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎ የሚጠቀሰው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ስሙ ምንድን ነው? «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»። የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው፣ አውሬዎችን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ሸነቆጡት። ውጤቱስ? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ለመድረክ ተረት አላነሰባቸውም። እኛ ማን ሆነን ነው የምንንቀው?

እንግዲህ ቴአትራችን አውሬ ከማናገር ወደ ስብከት የወረደው በመካከል ነው። በ1990ዎቹ በኤድስ ጊዜ አስተማሪ ድራማ ያስፈልግ ነበር፤ ማንም አይክድም። ሰው እያለቀ ነበር። ችግሩ ወረርሽኙ ጋብ ሲል ስብከቱ አለመጋባቱ ነው። በጀት የሚሰጠው ድርጅት መልእክት ይፈልጋል፤ አዳራሽ የሚፈቅደው ወረዳ መልእክት ይፈልጋል፤ ክበቡም መልእክት አምራች ሆኖ ቀረ። ተመልካቹ? ዝም ብሎ ይማራል። ዝምታውን እንደ አክብሮት እየቆጠርን ራሳችንን እናታልላለን። ዝም ያለ አዳራሽ ሁሉ የተመሰጠ አይደለም፤ አንዳንዱ አንቀላፍቷል።

ይህ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ መጀመሪያ ያየው ቴአትር የሚገሥጸው ከሆነ፣ በሃያ ዓመቱ ትኬት ገዝቶ የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ከሚገሥጹት ሸሽቶ ስልኩ ውስጥ ይገባል እንጂ። ከዚያ እኛ «ትውልዱ ቴአትር አይወድም» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የእንግሊዞቹን ሲንደሬላ ተርጉሙ አላልኩም፤ ስንዝሮ እያለ! የሰፈራችሁ የወጣት ማዕከል ውስጥ ስንዝሮን አቅርቡ። ጅቡን ሁለት ሰው ይልበሰው። የእንጀራ እናቷን የክበባችሁ ረጅሙ ጎረምሳ በቀሚስና በነጠላ ይጫወታት። ሊስትሮውን፣ ነርሷን፣ ባለሱቁን አሰልፉ። ውኃ የሚጠፋበትን ቀንና የታክሲውን ሰልፍ በጦጣዋ አፍ አስገቡት። ምክር የሚያነበንበውን ጨዋ ወጣት ግን ከድርሰቱ ሰርዙት። ልጆቹ ደግሞ ይጩኹ! «ዝም በሉ» የሚል አስተናባሪ ካለ በር ላይ ትኬት ይቁረጥ።

የጠፋውን ተመልካች ፍለጋ ፊት ለፊት ብቻ እያያችሁ ለምትደክሙ የክበብ ልጆች ሁሉ፦ የምትፈልጉት ነገር ከፊታችሁ አይደለም። ዞር በሉ። ከኋላችሁ ነው!