«ደግመሽ ጫኚው» አልኳት፤ አጎቴ «ሌባ» አላት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከወደ ቦንጋ የመጣ ነው። ፍቅር አለበት፣ ቡና አለበት፣ ገንዘብ አለበት፤ ይባስ ብሎ ኮምፒዩተርም አለበት! አንብቤ ስጨርስ «ይሄማ የራሴው ጉዳይ ነው» አልኩ። የናንተው አማካሪ 12ኛ ክፍል ጨርሶ፣ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የለቀመ ሰው ነውና። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነትን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። አጎቴ እዚህ ካፋ ውስጥ ቡና ሰብሳቢ ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን አምጥቶ ያስመዝናል፤ ድሮ የሚከፈለው በጥሬ ብር ነበር። ብር በጆንያ ይዞ ገጠር ለገጠር መዞር ስለሚያስፈራ አምና በፓይተን አንድ የዌብ ፕሮግራም ሠራሁለት። ኪሎው ይመዘገባል፤ ‹ክፈል› የሚለው ሲጫን የኛ ሰርቨር አዲስ አበባ ያለውን የአንድ ክፍያ ድርጅት ሰርቨር ይጠራና ብሩ ገበሬው ስልክ ላይ ይገባል። ጫኟ እጮኛዬ ነበረች።

በቡና ለቀማው ወቅት አንድ ቀን ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። እኔ ጅማ ነበርኩ። ደውላ ‹ገጹ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞራል፣ ከዚያ ይሞታል፤ ተመልሼ ሳየው አልተከፈለም ይላል፤ ምን ላድርግ?› አለችኝ። ‹ደግመሽ ጫኚው› አልኳት። ማታ ሒሳቡ 41,300 ብር ጎደለ። ለሦስት ገበሬዎች ሁለት ሁለቴ ተከፍሏል! አጎቴ ‹ከሰዎቹ ጋር ተመሳጥራ ነው› ብሎ ሠራተኛው ፊት ሌባ አላት። እሷ አንድም ቃል ሳትመልስ ቦርሳዋን አንስታ ወላጆቿ ቤት ገባች። ስልኬን አታነሳም። ጥፋቱ የኔ ኮድ መሆኑ አሁን ገብቶኛል፤ ግን አጎቴ ነው ያሳደገኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገረው? ኮዱን በዝምታ አስተካክዬ ነገሩ እስኪበርድ ብጠብቅስ? ደግሞስ እንዴት ነው የሚስተካከለው?»

እንዴ ወንድሜ! በዝምታ? ልጅቷ በሰው ፊት ሌባ ተብላ ወጥታ፣ አንተ ኮድህን በዝምታ? ቁጣዬን ወደኋላ ላቆየውና መጀመሪያ ሆነ ያልከውን ነገር ልግለጽልህ፤ አጎትህ ፊት ስትቀርብ ማስረዳት ስላለብህ።

ፕሮግራምህ ያደረገው ነገር በሙያው አጠራር የርቀት ጥሪ ወይም አር.ፒ.ሲ. ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድሪው ቢረል እና ብሩስ ኔልሰን የተባሉ ሁለት የዜሮክስ ተመራማሪዎች አሠራሩን በታወቀ ጽሑፋቸው አስተዋወቁት። ሐሳቡ ሲሰሙት ያስጎመጃል፤ ሌላ አገር ያለን ኮምፒዩተር ልክ ጓዳ እንዳለ ሰው ጠርተህ ታዛለህ። በኋላ ኤክስ.ኤም.ኤል.-አር.ፒ.ሲ. መጣ፣ ጄሰን-አር.ፒ.ሲ. መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል ጂ.አር.ፒ.ሲ.ን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው «ልክ ጓዳ እንዳለ» ከሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የሰን ማይክሮሲስተምስ ባለሙያዎች የሩቁን ጥሪ እንደ ቅርብ ጥሪ መቁጠር ስህተት ነው ብለው ጽፈው ነበር። ማን ሰማቸው!

ነገሩን ባገርህ መንገድ ላስረዳህ። ከቦንጋ ወደ ጅማ ሰው ትልካለህ እንበል፤ «ለእከሌ አሥር ሺህ ብር ክፈልና ተመለስ» ብለህ። መሸ፤ ሰውዬው አልመጣም። ምን ሆነ? አንድም ጎጀብን ሳይሻገር መኪናው ተበላሽቷል፤ ብሩ አልተከፈለም። አንድም ጅማ ደርሶ ከፍሎ ሲመለስ ነው መኪናው የተበላሸው፤ ብሩ ተከፍሏል። አንድም እስካሁን ሰልፍ ላይ ነው። ቦንጋ ለተቀመጥከው ላንተ ሦስቱም አንድ ናቸው፦ ዝምታ! አንተ ግን ዝምታውን «አልተከፈለም» ብለህ ተረጎምከውና ሁለተኛ ሰው ላክህ። እሱም ከፈለ።

«ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞራል» ስትል ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ጉኒኮርን የሚባለውን ማስኬጃ ሳትነካው ትጠቀማለህ መሰለኝ፤ እሱ ካልነገሩት በቀር 30 ሰከንድ ዝም ያለ ሠራተኛ ሂደትን ይገድላል። ጥሪውንም የምትልከው ሪኩዌስትስ በሚባለው ላይብረሪ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ደግሞ የጊዜ ገደብ ካልሰጠኸው እስከ ምጽአት ይጠብቃል! ጠባቂው ሲጠብቅ ገዳዩ ገደለው፤ «ተከፍሏል» ብሎ ለመጻፍ ዕድል አላገኘም። መዝገብህም እንደነበረ «አልተከፈለም» እንዳለ ቀረ። እጮኛህ ያየችው ይህንን ነው። ያደረገችው ደግሞ አንተ ያዘዝካትን ነው።

ወደ መፍትሔው እንምጣ። ከጥሪው በፊት ጻፍ! ክፍያው ከመላኩ በፊት በዳታቤዝህ ውስጥ አንድ መስመር ክፈት፤ የማይደገም መለያ ቁጥር ስጠው። ፓይተን ዩ.ዩ.አይ.ዲ. የሚባል ለዚሁ የሚሆን ዕቃ አለው። ሁኔታውን «ሊላክ ነው» በልና መዝገቡን አጽና፤ ኮሚት ማለቴ ነው። ጃንጎ የምትጠቀም ከሆነ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ጠቅላላ ጥያቄውን በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልለኸው ከሆነ ስህተት ሲፈጠር የጻፍከውም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዞረህ እዚያው ነህ።

ቀጥሎ ጥሪውን ከመለያ ቁጥሩ ጋር ላክ። ደግመህ የምትልክ ከሆነ በዚያው ቁጥር ነው፤ አዲስ ቁጥር አትስጠው። ደህና የክፍያ ሰርቨር ያው ቁጥር ሲመጣበት «ይሄንንማ ከፍዬዋለሁ» ብሎ የድሮውን መልስ ይመልስልሃል እንጂ ዳግም አይከፍልም። የምትጠራው ድርጅት ይህን ይቀበል እንደሆነ መመሪያቸውን አንብብ። ካልተቀበሉ ከመድገምህ በፊት «የዚህ ክፍያ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ብለህ የሁኔታ ጥያቄ ጠይቅ።

የጊዜ ገደቡን ነገር ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለት ነው። አንዱ ለመገናኘት የሚሰጠው ነው። ይህኛው ካለፈ ግንኙነቱ ራሱ አልተፈጠረም፤ ሰውዬህ ጎጀብን አልተሻገረም፤ መድገም ትችላለህ። ሁለተኛው መልስ ለመጠበቅ የሚሰጠው ነው። ይህኛው ሲያልፍ እጅህን ሰብስብ! ትእዛዙ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በሪኩዌስትስ ሁለቱን ለየብቻ መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ ለመገናኛው 3 ሰከንድ፣ ለመልሱ 10። ከጉኒኮርኑ 30 በታች መሆኑን አስተውል። ጂ.አር.ፒ.ሲ. ከሆነም ጥሪው ላይ ገደቡን ራስህ ካላስቀመጥክ አያስቀምጥልህም።

ትልቁ ነገር ግን ገጹ ላይ ያለው ቃል ነው። «ተከፍሏል» እና «አልተከፈለም» ብቻ አይበቁም። ሦስተኛ ጨምር፦ «ተልኳል፣ መልሱ ገና ነው»። ይህ ሲታይ «ክፈል» የሚለው አዝራር ይጥፋ። ከኋላ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሴለሪ ወይም ሌላ፣ በየጥቂት ደቂቃው እየጠየቀ ያጣራው። ገበሬውም «ኔትወርክ እየጠበቅን ነው» ቢባል ይገባዋል፤ ካፋ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

የኮዱ ነገር ይህ ነው። አንድ ቅዳሜ ይበቃሃል። የልጅቷ ነገር ግን እስከ ቅዳሜ አይቆይም።

እንደምታስታውሰው መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ብር ሲያወጡ አድረው ነበር። ባንኩ ጥፋቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ፤ ብሩን ያልመለሱትን ደግሞ ስምና ፎቶ አወጣ። እነዚያ ቢያንስ ብሩን ወስደዋል። ያንተዋ ግን ሳንቲም ሳትነካ ነው ስሟ የወጣው። ባለአገሩ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አጎትህም ቢሆን ያደረጉት ያንተው ኮድ ያደረገውን ነው፤ እሷ ዝም ስትል ዝምታዋን «ጥፋተኛ» ብለው መዘገቡት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከክፍያ ድርጅቱ የዚያን ቀን ዝርዝር አስመጣ፤ የሦስቱ ክፍያዎች ሰዓት ከሰርቨርህ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይታተም። የደወለችልህንም ሰዓት ከስልክህ አሳይ። አጎትህ ዘንድ ማልደህ ግባ፤ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደግመሽ ጫኚ ያልኳት እኔ ነኝ» በል። መጀመሪያ ይህንን፣ ስለ ሰርቨር የምታወራው ከዚያ በኋላ ነው። ይቆጡሃል። ይቆጡ! ብሩን ከደሞዝህ እንዲቆርጡ ራስህ አቅርብላቸው።

ሦስቱን ገበሬዎች በገበያ ቀን በሰው ፊት እንዳትጠይቃቸው፤ ሌላ ሌባ ልታወጣ ነው? ቤታቸው ሂድ፣ ወረቀቱን አሳያቸው፣ ከሚቀጥለው ቡናቸው ላይ እንዲታሰብ ተስማሙ። ምናልባት ሁለተኛውን መልእክት ልብ ያላሉትም ይኖራሉ።

እሷ ዘንድ ብቻህን አትሂድ፤ ስልኩንም እየደጋገምክ አትደውል (እዚህም ደግሞ መጫን ልማድህ ሆነ!)። ሁለት ሽማግሌ ያዝ፤ አንደኛው የግድ አጎትህ ይሁኑ። ሌባ ያሏት በሠራተኛው ፊት ነውና፣ ወላጆቿ ቤት ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ በዚያው ሠራተኛ ፊት ቃላቸውን ይመልሱ። ተመልሳ ትሠራለች ወይስ አትሠራም፣ ታገባሃለች ወይስ አታገባህም፣ እሱ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ጊዜ ስጣት። መልስ ሲመጣ ጻፍልኝ።