«አያሸንፍም» ለምትሉ

«ሰውየውስ ደህና ነበር፤ ግን አያሸንፍም።» የአሜሪካ ምርጫ በተነሣ ቁጥር ዶርም ውስጥ የሚሰማው ፍርድ ይኸው ነው። ኧረ ለመሆኑ ማን ነገራችሁ?

በእ.ኤ.አ. 1928 አል ስሚዝ ሲሸነፍ «ካቶሊክ ፕሬዚዳንት አይሆንም» ተባለ። በ1960 ኬኔዲ ሆነ። ሬገንን «የፊልም ተዋናይ፣ ያውም ሽማግሌ» ያሉት ነበሩ፤ በ1980 አርባ አራት ግዛት ጠራርጎ ወሰደ። በ2004 ዴሞክራቶች «ይኼ የጦር ሜዳ ሰው ያሸንፍልናል» ብለው ኬሪን አቀረቡ፤ ቡሽ አሸነፈው። ኦባማ በ2008፣ ትራምፕ በ2016 ሲያሸንፉስ የአዋቂዎቹ ሚዛን የት ነበር?

«ማክገቨርንስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1972 ከ50ው ግዛት ያገኘው ማሳቹሴትስን ብቻ ነው። እንግዲያው ቁጠሩ እንጂ! ከ538 የወኪል መራጮች ድምፅ 270 ያስፈልጋል። ክሊንተን በ2016 በሕዝብ ድምፅ ወደ 2.9 ሚሊዮን በልጣ የተሸነፈችው በዚሁ ሒሳብ ነው። የትኛው ግዛት፣ በስንት ድምፅ ብሎ መጠየቅ ዕውቀት ነው።

«እኔ እንኳ እመርጣት ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ሴት አይመርጥም» ማለት ሒሳብ አይደለም፤ ሐሜት ነው። ሁሉም በጎረቤቱ ሲያሳብብ፣ ማንም የኔ ነው ያላለው አድልዎ ያሸንፋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ መጀመሪያ «ማን ይበጃል?» እንበል። ድምፁ ከየት ከየት እንደሚገኝ ከዚያ እንቁጠር። ገና ከጅምሩ «አያሸንፍም» ያለማ ውድድሩ ሳይጀመር ሯጩን የሚያስወጣ ዳኛ ነው። ማን ሾመው?