መብራቱን ማጥፋት ጥገና አይደለም

የልጅ ልጆቻቸውን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ አንድ አያት ጥያቄ ልከውልኛል። ልጃቸው ያገለገለች ቪትዝ ገዝቶላቸው ወር ሳይሞላ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ ትልቅ ኳስ የያዘ የሚመስል» ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። የሰፈራቸው መካኒክ «ይቺ ምንም አትል፤ አምፖሏን አወጣልዎታለሁ» ብሏቸዋል። ያውጣው ወይስ ይተወው? ነው ጥያቄያቸው።

መልሴ አጭር ነው፤ አያውጣው። መብራቱ የኤርባግ ነው። በርቶ ከቀረ የመኪናው ኮምፒውተር በኤርባጉ መስመር ላይ ብልሽት አግኝቷል፤ አደጋ ቢደርስ ኤርባጉ ላይነፋ ይችላል ማለት ነው። አምፖሉ ቢወጣ ብልሽቱ እዚያው ነው፤ የሚቀረው የሚነግርዎት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ወንበር ሲገፋና ሲሳብ የላላ የሽቦ ማያያዣ ወይም መሪው ውስጥ የሚጠቀለለው ሽቦ መበጠስ ነው። ከመብራቱ ጋር ጡሩንባውም እምቢ ካለ መሪው ይጠርጠር። ይህን ግን ሥራውን የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ የኤርባግ ሽቦ በመሞከሪያ አምፖል አይነካካም። እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ ከኋላ፣ ሁሉም ቀበቶ አስረው ይቀመጡ። ከተሠራም በኋላ ቢሆን ትንሽ ልጅ ፊት ወንበር ላይ፣ በተለይ ታቅፎ፣ አይቀመጥ። ኤርባግ የሚነፋው በኃይል ነውና ልጅን ይጎዳል።

የሌሎቹም መብራቶች ነገር ተመሳሳይ ነው። ቀይ «አሁኑኑ» ይላል፤ ቢጫ «ሳትዘገይ አሳየኝ» ይላል። አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ ነገር እየሠራ መሆኑን ብቻ ይነግራሉ።

ቀዩን የፍሬን መብራት እንውሰድ። ሲበራ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መውረዱን ይዩ። ወርዶም ከበራ የፍሬን ዘይት ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ዘይት ይጨምርና መብራቱ ሲጠፋ ተገላገልኩ ብሎ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ግን እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም። ከቀነሰ ወይ የፍሬን ሸራው እያለቀ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች ከሰመጠ መኪናዋ ካለችበት አትንቀሳቀስ።

ጀበና የምትመስለው ቀይ ምልክት የሞተር ዘይት ግፊት መውረዱን ታሳያለች። እየነዱ ከበራች ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ «ቤት ልድረስ» የሚባልባት መብራት አይደለችም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ዘይቱን በመለኪያው ይለኩ። ጎድሎ ከሆነ ይጨምሩ። ልክ ሆኖ ወይም ተጨምሮም መብራቷ ካልጠፋች ግን መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ። ያለ ዘይት ግፊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተር ሊነክስ ይችላል።

የሙቀት መብራት ሲበራም እንዲሁ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ደጋግማ ከሞቀች ሞተር ከማስወረድዎ በፊት ያረጀ ክዳን እንዳይሆን ያስፈትሹ። የሙቀትና የባትሪ መብራት አንድ ላይ ከበሩ ደግሞ ኮፈኑን ከፍተው ቺንጋውን ይዩ፤ በብዙ መኪኖች ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው።

ቢጫዋ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጅን፣ ብዙ ገንዘብ የምታስወጣው በግምት ስትሠራ ነው። በርታ ከቆየችና መኪናዋ እንደ ወትሮው ከሄደች በዝግታ ጋራዥ ይድረሱ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነዳጅ በትክክል እየተቃጠለ አይደለምና ፍጥነት ቀንሰው አመቺ ቦታ ይቁሙ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ ለወላጅ እንደ ትኩሳት መለኪያ ነው፤ ሕመም መኖሩን ይናገራል እንጂ መድኃኒቱን አያዝም። ለምሳሌ «አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል» የሚል ኮድ ቢወጣ ጥፋቱ የሴንሰር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል። ስለዚህ ኮዱን ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ዕቃ ከመለወጡም በፊት «በምን አረጋገጣችሁ?» ይበሉ። ባትሪ ነቅሎ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ኮዱንም ጭምር እየሰረዘ ነው፤ ቀጥሎ የሚያየው መካኒክ መነሻ ያጣል።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው ፈተና አለ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከማስነሻው በፊት ባለው ደረጃ ላይ አቁሙት። የዘይት፣ የባትሪ፣ የቼክ ኢንጅንና የኤርባግ መብራቶች ሁሉም መብራት አለባቸው። የኤርባጉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ሦስቱ ሞተሩ እስኪነሳ ይቆያሉ። የኤርባጉ ከነጭራሹ ካልበራ አምፖሉ ወጥቶ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ልክ ሞተሩ ሲነሳ ከዘይቱ መብራት ጋር አብሮ ከጠፋም ሽቦው ከዚያ ጋር ተያይዞ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ሻጩ «ምንም መብራት የላትም» ቢላችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ቸር ሰንብቱ።